ችሎታ ከጅማት ቀድሞ ሲመለስ፦ ከጉዳት በኋላ በፓርኩር ለመዝለቅ

ፓርኩር ግንብን፣ አጥርንና አግዳሚን እየዘለሉና እየወጡ የመሻገር ስፖርት ነው። ከጉዳት የተመለሰን የፓርኩር ስፖርተኛ ለዳግም ጉዳት ከሚያጋልጡት ነገሮች ሁሉ የሚብሰው ችሎታው እንዳለ መቆየቱ ነው። ቁርጭምጭሚቱ ወለም ብሎት ሁለት ወር ያህል ከልምምድ የራቀ ሰው ወደ ለመደው ግንብ ሲመለስ ከየት እንደሚነሣ፣ እግሩን የት እንደሚያሳርፍ፣ እጁን መቼ እንደሚወረውር አልረሳም፤ አንጎሉ የዝላዩን ቅንብር ከነዝርዝሩ ይዞታል። ትንፋሹ በጥቂት ሳምንታት ይመለሳል፤ ጡንቻውም ብዙ አይዘገይም። ጅማቱና አጥንቱ ግን የራሳቸው ሰዓት አላቸው። በዚህም የተነሣ ሰውዬው አካሉ ገና ሊሸከመው የማይችለውን ዝላይ አሳምሮ መዝለል የሚችልበት አንድ የጊዜ ክፍተት ይፈጠራል። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይህ ክፍተት ነው፤ ለምን እንደሚፈጠር፣ እንዴት እንደሚለካ፣ በፓርኩር ውስጥ ደግሞ ከሌሎች ስፖርቶች ይልቅ ለምን እንደሚከፋ።

በታወቀ ክለብ ውስጥ የሚጫወት እግር ኳስ ተጫዋች ሲጎዳ የቡድኑ ሐኪም፣ ፊዚዮቴራፒስቱ፣ የአካል ብቃት አሠልጣኙና ዋናው አሠልጣኝ ያዩታል፤ አንዱ ቢቸኩል ሌላው ይይዘዋል። በፓርኩር ግን በአብዛኛው ዘላዩም፣ አሠልጣኙም፣ ሐኪሙም አንድ ሰው ነው። ውሳኔውም የሚሰጠው ግንብ አፋፍ ላይ ተቁሞ፣ ጓደኞች እያዩ፣ አንዳንዴም ስልክ እየቀረጸ ነው። ዳኛ የለም፤ የጨዋታ ሰዓት አያልቅም፤ ተቀያሪ ተጫዋችም አይገባም። «ለዛሬ ይብቃህ» የሚል ድምፅ ከውጭ ስለማይመጣ ዘላዩ ራሱ አስቀድሞ ማዘጋጀት ይኖርበታል።

ፓርኩር ሲጠነሰስ መዝለቅ የሐሳቡ እምብርት ነበር። የፈረንሳይ የባሕር ኃይል መኮንን የነበረው ዦርዥ ኤቤር ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት ያዳበረው «ተፈጥሯዊ ዘዴ» የተባለ የሥልጠና መንገድ፣ ሰው ለሌሎች እንዲጠቅም ጠንካራ መሆን አለበት ከሚል መርህ የተነሣ ነው። በፓሪስ የእሳት አደጋ ሠራተኛ የነበረው ሬሞን ቤል ከዚህ መንፈስ የቀዳውን ሥልጠና ለልጁ ለዴቪድ ቤል አስተላለፈ፤ ዴቪድና ጓደኞቹም በፓሪስ ደቡባዊ ዳርቻ በምትገኘው ሊስ በተባለች ከተማ ፓርኩርን ቅርጽ አስያዙት። እ.ኤ.አ. በ1997 ያማካሲ በሚል ስም የተሰባሰቡት ዘጠኝ ወጣቶችም ከዚያው አካባቢ የወጡ ናቸው፤ የሥልጠናቸው ትልቁ ክፍል በእጅና በእግር መሄድ፣ መንጠልጠል፣ ግድግዳ መውጣትና እጅግ ብዙ ድግግሞሽ ያለው የጥንካሬ ሥራ ነበር። ከእነዚህ ሰዎች ጋር አብሮ የሚነሣው «መሆንና መዝለቅ» የሚለው መፈክር የአንድ የፈረንሳይ የፓራሹት ክፍለ ጦርም መፈክር ነው።

ዛሬ ሽልማቱ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይስባል። ዓለም አቀፉ የጂምናስቲክ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2018 ፓርኩርን ከሚመራቸው የስፖርት ዘርፎች አንዱ አድርጎ ተቀበለው፤ የመጀመሪያውም የዓለም ሻምፒዮና በ2022 በቶኪዮ ተካሄደ። ብዙ የፓርኩር ማኅበራት ይህን ውሳኔ ተቃውመውታል፤ ክርክሩም በአብዛኛው ስፖርቱን ማን ይመራዋል የሚለው ላይ አተኩሯል። ከጉዳት አንጻር ለሚያየው ሰው ግን የከበደው ለውጥ የቀን መቁጠሪያው ነው፤ ውድድር ቀን አለው፣ ጅማት ግን በቀን አይቀጠርም። አጫጭር ቪዲዮዎችም በራሳቸው መንገድ ይህንኑ ያባብሳሉ፤ የሚታየው የተሳካው አንድ ዝላይ ሲሆን ከእሱ በፊት የነበሩት ሙከራዎችና ከእሱ በኋላ የመጣው የማግስቱ ጠዋት ሕመም ከሥዕሉ ውጭ ይቀራሉ።

መሬት ሲነካ የሚሆነው

ስለ ማገገም ከመነጋገር በፊት አንድ ማረፍ ምን ያህል ጫና እንደሚያደርስ በቁጥር ማየት ይጠቅማል። ከአንድ ሜትር ከፍታ የወረደ ሰው መሬት ሲነካ ፍጥነቱ በሰከንድ 4.4 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ይህን ፍጥነት ዜሮ ለማድረግ የሚያስፈልገው አማካይ ኃይል የሚወሰነው አካሉ መሬት ከነካ በኋላ ስንት ሳንቲ ሜትር ዝቅ እያለ በመቆሙ ነው። እግሩን ገትሮ በ10 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ቢቆም አማካዩ ኃይል የሰውነቱን ክብደት አሥራ አንድ እጥፍ ያህላል፤ ቁርጭምጭሚቱን፣ ጉልበቱንና ዳሌውን አጥፎ በ50 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ቢቆም ግን ወደ ሦስት እጥፍ ይወርዳል። ይህ አማካዩ ብቻ ነው፤ ለቅጽበት የሚደርሰው ከፍተኛው ኃይል ከዚህ ይበልጣል። ከፍታው ወደ ሁለት ሜትር ሲወጣ በዚያው የ50 ሳንቲ ሜትር መታጠፍ እንኳ አማካዩ አምስት እጥፍ ይደርሳል።

እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ የላቦራቶሪ ጥናት የፓርኩር ሥልጠና ያላቸው ወንዶች ከ75 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ሲወርዱ በሦስት የማረፍ ዘዴዎች የሚያርፍባቸውን ኃይል ለክቶ ነበር። በእግር መዳፍ ፊተኛው ክፍል ላይ በትክክል ማረፍም ሆነ ወደፊት ተንከባሎ ኃይሉን መበተን ከተለመደው አወራረድ ጋር ሲነጻጸሩ ከፍተኛውን ኃይል ከአንድ ሦስተኛ በላይ ቀንሰዋል። በመሆኑም ዘዴው ይሠራል ማለት ነው። ነገር ግን ዘዴው የሚሠራው መገጣጠሚያዎቹ ሲታጠፉ ነው። ወለምታ ካገገመ በኋላ በብዛት የሚቀረው ጉድለት ደግሞ ቁርጭምጭሚት ወደፊት የመታጠፍ አቅሙ ማነሱ ነው። ሰውዬው በዓይን ሲታይ እንደ ድሮው ያርፋል፤ ከውስጥ ግን ቁርጭምጭሚቱ የማይወስደውን ድርሻ ጉልበቱ ይቀበላል፣ ጉልበቱም ወደ ውስጥ ይጣመማል። የቁርጭምጭሚት ጉዳት ከወራት በኋላ የጉልበት ሕመም ሆኖ ሲመጣ ብዙ ሰው ሁለቱን አያገናኛቸውም።

የየራሱ ሰዓት

ጡንቻ በደም የበለጸገ ስለሆነ ለሥልጠና ቶሎ ይመልሳል። የተሰበረ አጥንት አብዛኛውን ጊዜ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ይገጥማል፤ ውስጣዊ አሠራሩን እየናደ እንደገና የሚገነባበት ሂደት ግን ከዚያ በኋላም ለወራት ይቀጥላል። አጥንትን ከአጥንት የሚያያይዘው ጅማት ሲበጠስ ወይም ሲሳሳብ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያብጣል፣ በሚቀጥሉት ሳምንታት አዳዲስ ክሮችን ያበቅላል፤ እነዚህ ክሮች ግን መጀመሪያ ላይ ሥርዓት የላቸውም፤ ጫና በሚመጣበት አቅጣጫ ተሰልፈው እስኪጠነክሩ ዓመትና ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል። ሰልፉን የሚያስይዘው ራሱ ጫናው ስለሆነ ሙሉ እረፍትም መፍትሔ አይሆንም።

ጡንቻን ከአጥንት የሚያያይዘው ጅማት የባሰ ዘገምተኛ ነው። በዴንማርክ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በተካሄዱ የኑክሌር ሙከራዎች ምክንያት በከባቢ አየር ውስጥ የጨመረውን፣ ካርቦን 14 የተባለውን ጨረር አመንጪ የካርቦን ዓይነት እንደ ሰዓት ተጠቅሞ የተረከዝ ጅማትን ዕድሜ መረመረ። የጅማቱ እምብርት ሰውዬው ዐሥራ ሰባት ዓመት ገደማ እስኪሞላው ድረስ ከተሠራ በኋላ በቀሪው ዕድሜው ይህ ነው የሚባል እድሳት አያደርግም። ለዘላይ ይህ ግኝት ቀላል አይደለም፤ በሃያ አምስት ዓመቱ የሚዘልበት የተረከዝ ጅማት በጉርምስናው የሠራው ነው። ጅማት ለጫና አይመልስም ማለት ግን አይደለም። ከከባድ ልምምድ በኋላ በመጀመሪያዎቹ 24 እስከ 36 ሰዓታት ውስጥ የሚፈርሰው ኮላጅን (ጅማት በዋናነት የተሠራበት ፕሮቲን) ከሚሠራው ይበልጣል፤ ሚዛኑ ወደ ግንባታ የሚዞረው ከዚያ በኋላ ነው። ከጉዳት ለሚመለስ ሰው በከባድ የዝላይ ቀናት መካከል ሁለት ቀን ያህል ክፍተት እንዲኖር የሚመከረው በዚህ ምክንያት ነው። መሐል ባሉት ቀናት መንጠልጠል፣ ሚዛን መጠበቅና በእጅና በእግር መሄድ ስለሚቻል ሥልጠናው አይቋረጥም፤ የሚቋረጠው ማረፉ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት

እዚህ ላይ ረጅም ማብራሪያ አያስፈልግም፤ ሐኪም ማየት የሚያስፈልግበትን ሁኔታ ማወቅ ግን የግድ ነው። ለቁርጭምጭሚት በ1992 እ.ኤ.አ. የወጡት የኦታዋ መመዘኛዎች አሁንም በድንገተኛ ክፍሎች ይሠራባቸዋል፦ ሰውዬው ከጉዳቱ በኋላም ሆነ በምርመራ ሰዓት አራት እርምጃ መራመድ ካልቻለ፣ ወይም በሁለቱ የቁርጭምጭሚት ጉብታዎች የኋለኛ ጠርዝና ጫፍ ላይ ያለው አጥንት ሲነካ ካመመው ራጅ ያስፈልገዋል። በመሐል እግር በኩል ደግሞ በውስጠኛው ጎን ያለው ትንሽ አጥንት ወይም የትንሿ ጣት አጥንት መነሻ ሲጫን የሚያም ከሆነ እንዲሁ። እጅን ዘርግቶ ከወደቁ በኋላ ከአውራ ጣት ሥር በምትገኘው ጎድጓዳ ቦታ ላይ የሚሰማ ሕመም ለየት ያለ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ በዚያ ያለችው ትንሽ አጥንት ብትሰበር የመጀመሪያው ራጅ ላይ ላትታይ ትችላለች፣ የደም አቅርቦቷም ደካማ ስለሆነ ችላ ከተባለች ሳትገጥም ትቀራለች። ጭንቅላቱን የተመታና የተወዛገበ፣ ያዞረው ወይም ያስታወከ ሰው በዚያ ቀን ተመልሶ አይዘልም፤ ይህ ለድርድር የሚቀርብ ነገር አይደለም።

የቀረው ነገር ባለፉት ዓመታት ተለውጧል። እረፍት፣ በረዶ፣ ማሰርና ከፍ ማድረግ የሚለውን ዝነኛ መመሪያ በ1978 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው አሜሪካዊው ሐኪም ጌብ ሚርኪን ራሱ ከዓመታት በኋላ በረዶና ሙሉ እረፍት ማገገምን ሊያዘገዩ እንደሚችሉ ጽፏል። ዛሬ የሚያመዝነው አስተያየት በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ጉዳቱን መጠበቅ፣ ከዚያ በኋላ ግን ሕመም እስከፈቀደ ድረስ ቶሎ ማንቀሳቀስና ቀስ በቀስ ጫና መመለስ የሚለው ነው።

«አያመኝም» መለኪያ አይደለም

ሕመም ሲጠፋ ብዙ ሰው ጉዳቱ ያለቀ ይመስለዋል። ቁርጭምጭሚታቸው ወለም ካላቸው ሰዎች እስከ 40 በመቶ የሚሆኑት ዘላቂ የመገጣጠሚያ አለመረጋጋት እንደሚገጥማቸው በምርምሩ ውስጥ በተደጋጋሚ ይጠቀሳል፤ አዲስ ወለምታን ከሚተነብዩ ነገሮች ዋነኛውም የቀድሞ ወለምታ ነው። ምክንያቱ የጅማቱ መላላት ብቻ አይደለም፤ መገጣጠሚያው የት እንዳለ ለአንጎል የሚያሳውቁት ነርቮችም ይደነዝዛሉ፣ በጎን ያሉት ጡንቻዎችም ለመያዝ ይዘገያሉ። ይህን ጉድለት በቀጥተኛ ሜዳ ላይ መሮጥ አያጋልጠውም፤ በብረት አግዳሚ ላይ ማረፍ ግን ያጋልጠዋል።

ስለዚህ ከስሜት ይልቅ ቴፕ ሜትር ማመን ይሻላል። በጣም ቀላሉ ፈተና እንዲህ ይሠራል። ባዶ እግር ግድግዳ ፊት ቆሞ፣ ተረከዝን ሳያነሡ ጉልበትን ወደፊት አጥፎ ግድግዳውን ማስነካት፤ ከዚያ ጉልበቱ መንካት እስኪያቅተው ድረስ እግርን ትንሽ በትንሽ ወደ ኋላ ማራቅ፤ በመጨረሻም ከአውራ ጣት ጫፍ እስከ ግድግዳው ያለውን ርቀት መለካት። የሁለቱ እግሮች ልዩነት ከሁለት ሳንቲ ሜትር በላይ ከሆነ፣ በእኔ አስተያየት፣ ከጉልበት በላይ ከሆነ ነገር የመዝለል ጥያቄ ገና አይነሣም። ሁለተኛው በአንድ እግር ተረከዝን ማንሣት ነው፤ ጣትን ግድግዳ ላይ አሳርፎ፣ ጉልበትን ሳያጥፉ፣ በሁለት ሰከንድ አንዴ፣ የመጀመሪያውን ከፍታ እየጠበቁ። ብዙ ባለሙያዎች 25 ድግግሞሽን እንደ ግብ ይይዛሉ። እዚህ ላይ ማጭበርበር ቀላል ነው፤ ባቱ ሲደክም ሰውየው ጉልበቱን ማጠፍ ወይም አካሉን ወደፊት መወርወር ይጀምራል፣ ተረከዙም ሳይታወቀው በየድግግሞሹ ጥቂት ዝቅ ይላል። ስለዚህ በጎን በኩል በስልክ መቅረጽና ከፍታው ከወረደበት ድግግሞሽ በኋላ ያለውን አለመቁጠር ተገቢ ነው።

ከዚያ የአንድ እግር ዝላይ ርቀት ይመጣል። የተጎዳው እግር የጤነኛውን 90 በመቶ ከዘለለ ማለፊያ ነው የሚለው ልማድ በሰፊው ተሰራጭቷል፤ ይሁንና አንድ ቀዳዳ አለው። በእረፍቱ ወራት ጤነኛውም እግር ይደክማል፤ የደከመ እግር 90 በመቶ የቀድሞው አቅም 90 በመቶ አይደለም። ጉዳት ሳይደርስ በፊት የተመዘገበ ቁጥር ያለው ዘላይ በዚህ ረገድ የታደለ ነው፤ ቁጥር ለሌለው ደግሞ ከጉዳቱ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታት የጤነኛውን እግር አቅም ለክቶ ማስቀመጥ ቀጣዩ ምርጫ ነው። በጉልበት መስቀለኛ ጅማት ቀዶ ሕክምና ላይ ደግሞ ሰዓቱ ራሱ ይለያል። በኦስሎና በደላዌር የተከናወነና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ወደ ስፖርት መመለስ እስከ ዘጠነኛው ወር ድረስ በዘገየበት በእያንዳንዱ ወር ዳግም ጉዳት በግማሽ ያህል ይቀንሳል። በስድስተኛው ወር ጉልበቱ ጤነኛ የመሰለው ሰው ለመታገስ የሚያስፈልገውን ምክንያት ከዚህ የተሻለ የሚነግረው ማስረጃ ማግኘት ይከብዳል።

ወደ ላይ መዝለል፣ በደረጃ መውረድ

ከፈተናዎቹ በኋላ ከየት ይጀመራል የሚለው ጥያቄ በብዙ ማገገሚያ ፕሮግራሞች ውስጥ በጅምላ ይመለሳል። ፓርኩር ግን ከሌሎች ስፖርቶች የሚለይበት አንድ ጥሩ ዕድል አለው፦ መዝለልን ከመውረድ መነጠል ይቻላል። ከመሬት ተነሥቶ ወገብ በሚደርስ ግንብ ላይ የሚዘልል ሰው ግንቡን የሚነካው አካሉ ወደ ላይ የመሄድ ፍጥነቱን ሊጨርስ ሲቃረብ ስለሆነ የማረፍ ጫናው ትንሽ ነው፤ ጫናው የሚመጣው ከግንቡ ዘሎ ሲወርድ ነው። ስለዚህ ወደ ላይ ዘልሎ በእጅ ተደግፎ ወይም በደረጃ መውረድ የዝላዩን ኃይልና ልክ ያሠለጥናል፣ የማረፉን ዕዳ ግን አያስከፍልም። ለበርካታ ሳምንታት ሥልጠናውን በዚህ ብቻ መሙላት ይቻላል። ቀጥሎ በእኩል ከፍታ መካከል የሚደረግ አጭር ዝላይ፣ ከዚያ 30 ሳንቲ ሜትር ከሚሆን ሳጥን መውረድና ሦስት ሰከንድ ሳይነቃነቁ መቆም፣ ከዚያ በአንድ እግር፣ ከዚያ ከፍ ያለው ይከተላሉ። ድምፅ እዚህ ላይ ታማኝ ምስክር ነው፤ የተጎዳው እግር ከጤነኛው የበለጠ ካጨበጨበ መታጠፉ ጎድሏል።

ቅደም ተከተሉን የሚያበላሸው ሁለት ነገሮችን በአንድ ቀን መለወጥ ነው። ከፍታ፣ ርቀት፣ ብዛት፣ የማረፊያው ስፋትና ድካም እያንዳንዳቸው የጫና በር ናቸው። ከለስላሳ ፍራሽ ወደ ኮንክሪት የተሸጋገረ ሰው በዚያው ቀን ከፍታውን ሊጨምር አይገባውም፤ ከሰፊ ግንብ ወደ ጠባብ ብረት የተሸጋገረም እንዲሁ። በነገራችን ላይ ወፍራም ሶል ያለው ጫማ ይህን ጉዳይ ይፈታል የሚለው ተስፋ ብዙ አያስኬድም፤ የሶሉ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ከጉልበትና ከዳሌ መታጠፍ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው፣ እግር ጠርዝን የመዳሰስ አቅሙንም ይቀንሳል።

ምን ይቆጠር?

በስፖርት ሳይንስ ውስጥ ጫናን ለመለካት በጣም ከተለመዱት መንገዶች አንዱ የልምምዱን ደቂቃ ከዜሮ እስከ ዐሥር በሚሰጠው የድካም ነጥብ ማባዛት ነው፤ 90 ደቂቃ በሰባት ነጥብ 630 ይሆናል። የዚህን ሳምንት ጫና ካለፉት አራት ሳምንታት አማካይ ጋር የሚያነጻጽረው ስሌት እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ በሰፊው ተሰራጭቶ ነበር፤ ከ0.8 እስከ 1.3 ያለው ክልል እንደ አስተማማኝ ቀጠና ይቆጠር ነበር። በኋላ ግን የስታቲስቲክስ ባለሙያዎችና የስፖርት ተመራማሪዎች የስሌቱን መሠረት አጥብቀው ተችተዋል፤ ትችቱም ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ። ድንገተኛ ጭማሪ አደገኛ ነው የሚለው ሐሳብ እንዳለ ይቆያል፤ ቁጥሩ ራሱ ግን እንደ ድንበር የሚታመን አይደለም።

ለፓርኩር ደግሞ ደቂቃ መጥፎ መለኪያ ነው። ሁለት ሰዓት በእጅ ተንጠልጥሎ የዋለ ሰውና ሃያ ደቂቃ ከትከሻ ከፍታ ሲዘልል የቆየ ሰው በደቂቃ ቢነጻጸሩ ቁርጭምጭሚታቸው ያየው ነገር ፈጽሞ አይገናኝም። መቆጠር ያለበት ማረፍ ነው፤ በሦስት ከፍታ ተከፍሎ፦ ከጉልበት በታች፣ ከጉልበት እስከ ወገብ፣ ከወገብ በላይ። ማስታወሻ ደብተር ይበቃል። አንድ ወር የቆጠረ ሰው ብዙውን ጊዜ ራሱን የሚያስገርም ነገር ያገኛል፤ ትልልቆቹ ዝላዮች ጥቂት ናቸው፣ ጫናው የተከማቸው በመሐል ከፍታ ላይ «ለማሟሟቅ» ተብለው በተደጋገሙት ውስጥ ነው።

ከቁጥሩ ጎን የሚሄደው የማግስቱ ጠዋት ነው። ለተረከዝ ጅማት ሕመም በስዊድን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 የተፈተነ አንድ ደንብ አለ፦ በልምምድ ወቅት ሕመሙ ከዐሥር ነጥብ እስከ አምስት ሊደርስ ይችላል፣ ነገር ግን በማግስቱ ጠዋት መርገብ አለበት፣ ከሳምንት ሳምንትም መጨመር የለበትም። ይህን ደንብ የተከተሉት ታማሚዎች ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት መሮጥና መዝለልን ካቆሙት የከፋ ውጤት አላገኙም። ደንቡ የተፈተነው ለጅማት ሕመም ስለሆነ ለስብራት ወይም አጥንት ላይ በአንድ ነጥብ ለሚያም ሕመም አይሠራም፤ አጥንት ላይ በጣት የሚጠቆም ሕመም ሐኪም ይፈልጋል እንጂ ነጥብ አይሰጠውም። ጥንካሬን በተመለከተ ደግሞ የዘላይ ዋስትና ባት ነው፤ ጉልበት ቀጥ ብሎም ታጥፎም፣ በዝግታ፣ ክብደት ተጨምሮ። እ.ኤ.አ. በ1998 በታተመው የሆካን አልፍሬድሰን ዝነኛ ፕሮግራም ታማሚዎቹ ለ12 ሳምንታት በቀን 180 ጊዜ ተረከዛቸውን በዝግታ ዝቅ ያደርጉ ነበር። ዛሬ ያነሰ ድግግሞሽና የበዛ ክብደት የሚመርጡ ባለሙያዎች ብዙ ናቸው፤ የሁለቱም መንገዶች የጋራ ነጥብ ሦስት ወር የሚሉት ጊዜ ነው።

ፍርሃቱስ?

በፓርኩር ባህል ውስጥ ፍርሃት የሚሰበር ነገር ተደርጎ ይነገራል። ከጉዳት በኋላ ግን ሁለት ፍርሃቶች በአንድ ቦታ ይቆማሉ፤ አንዱ አካሉ ገና እንዳልተዘጋጀ የሚናገር እውነተኛ መረጃ ነው፣ ሌላው አካሉ ድኖ ሳለ የቀረ ትዝታ ነው። ልዩነቱን በድፍረት መለየት አይቻልም፤ ፈተናዎቹ የሚጠቅሙት እዚህ ነው። ተረከዝ ማንሣቱ፣ የግድግዳው ርቀትና የአንድ እግር ዝላዩ ሳይሞሉ የሚሰማው ፍርሃት ሊታዘዙት የሚገባ ነው። ሁሉም ተሞልተው ፍርሃቱ ከቀጠለ ደግሞ ያው ዝላይ በመሬት ላይ በኖራ ተሠምሮ፣ ከዚያ በአንድ ጡብ ከፍታ፣ ከዚያ በተመሳሳይ ርቀት በሌላ ቦታ ይሠራል፤ ጉዳቱ የደረሰበት ቦታ የመጨረሻው ይሆናል። ወደዚያ ቦታ ጨርሶ የማይመለሱም አሉ፤ ይህም ምንም ነውር የለበትም፣ ሌላ ግንብ ሞልቷል።

ዕድሜ ሁሉንም ይለውጣል። በፈጣን ዕድገት ላይ ባሉ ታዳጊዎች የጉልበት ጅማት ከቅልጥም ጋር የሚያያዝበት ቦታ ያብጣልና ያማል፤ ይህ ሕመም በዕድገቱ መጨረሻ ብዙውን ጊዜ የሚጠፋ ቢሆንም በዚያን ጊዜ የዝላይ ብዛት መቀነሱ ግድ ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. በታዳጊ ስፖርተኞች ላይ የተደረገ ጥናት ከስምንት ሰዓት በታች የሚተኙት የመጎዳት ዕድላቸው 1.7 እጥፍ መሆኑን አሳይቷል፤ ሌሊት ቪዲዮ ሲያርትዑ ለሚያመሹ ልጆች ይህ ቁጥር ከማንኛውም የጫማ ምክር ይበልጣል። በሌላው ጫፍ ዴቪድ ቤል በ1973 እ.ኤ.አ. የተወለደ ነው፤ ፓርኩርን የጀመረው ትውልድ ሃምሳ ዓመትን አልፏል ወይም እየተጠጋ ነው። ለዚህ ትውልድ ከከፍታ መውረድ እየቀነሰ መውጣት፣ መንጠልጠልና ሚዛን እየበዛ መሄዱ የሚጠበቅ ነው።

በቡድን የሚያሠለጥኑ ሰዎች ከጉዳት የተመለሰን ተማሪ ከቡድኑ ሳይነጥሉ ማረፉን ብቻ ሊነጥሉለት ይችላሉ፤ ማሟሟቂያውን፣ የጥንካሬውንና የሚዛኑን ሥራ ከሌሎቹ ጋር ይሠራል፣ በዝላዩ ክፍል ግን የራሱ ቁጥር ይኖረዋል። ቁጥሩ መጻፍ ያለበት ልምምዱ ሳይጀመር ነው። የጅማት ሕመም አካል ሲሞቅ ስለሚሸፈን ከሃያኛው ዝላይ በኋላ «ምንም አልተሰማኝም» የሚለው ተማሪ እየዋሸ አይደለም፤ በማግስቱ ጠዋት ከአልጋ ወርዶ የመጀመሪያዎቹን እርምጃዎች ሲራመድ ምን እንደተሰማው የሚቀጥለው ልምምድ ከመጀመሩ በፊት አሠልጣኙ ይጠይቀውና የዕለቱን ቁጥር በዚያ መልስ ይወስናል።